አትላስ ስትገዙ በቅድሚያ ጣናን ፈልጉ

ለቤታችን የሚሆን ትልቅ የዓለም አትላስ ስፈልግ ቆይቼ በቅርቡ አንድ የሚያረካኝ ስላገኘሁ፣ ካርታ ለምትወዱ ወዳጆች ልምዴን ላካፍል ወደድሁ። ልጆቼ «ስልክ ላይ ሁሉም አለ» ይላሉ፤ ስልክ የጠየቁትን ቦታ ያሳያል፣ ሰፊ ገጽ ግን ያልጠየቁትን አካባቢም አብሮ ያስነብባል።

የዝግጅት ዘመኑን መለየት አያስቸግርም። ደቡብ ሱዳን ለብቻዋ ካልተሰመረች ካርታው እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት የተሠራ ነው፤ የካዛኪስታን ዋና ከተማ ኑር ሱልጣን ተብላ ከተጻፈች ደግሞ ከ2019 እስከ 2022 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ነው። ካርታ ሠሪው መርካቶር ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ለመዘርጋት እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው ዘዴ መላውን ዓለም የሚያሳይ አትላስም አልገዛም፤ አፍሪካ በስፋት ግሪንላንድን 14 ጊዜ ያህል ብትበልጥም በዚያ ዘዴ የሚመሳሰሉ ይመስላሉ።

ብዙ ያደከመኝ የስኬል፣ ማለትም ካርታው መሬቱን ስንት ጊዜ አሳንሶ እንደሚያሳይ የሚገልጸው ልኬት ጉዳይ ነው። በርካታ የእንግሊዝኛ አትላሶች ለአውሮፓ ገጽ በገጽ እየሰጡ፣ የአፍሪካን ቀንድ በአንድ ገጽ ያጠቃልሉታል። ስለዚህ «ዝርዝር» የሚለውን የሽፋን ቃል ትቼ በማስመሪያ መለካት ያዝሁ። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በቀጥታ መስመር 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ለ10 ሚሊዮን ስኬል ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ክፍተት ስለሆነ፣ እንኳን ደቅ ደሴትና የዘጌ ልሳነ ምድር ሊታዩ፣ ሐይቁ ራሱ ጠብታ ነው የሚያክለው። በ1 ለ5 ሚሊዮን ግን ክፍተቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ጣና ቅርጹን ይይዛል፣ ግልገል ዓባይ ከደቡብ ሲገባና ዓባይ በባሕር ዳር በኩል ሲወጣ ለይቶ ማየት ይቻላል። አሳታሚዎች የሚቆጥቡበት ምክንያት ይገባኛል፤ ስኬሉ በእጥፍ ሲያድግ ለዚያው አገር የሚያስፈልገው ወረቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ቢሆንም ቁጠባው ሁልጊዜ በእኛ ገጽ ላይ መውደቁን አልቀበለውም። አገራችን በሁለት ገጽ ላይ ተዘርግታ መካከሏ በጥራዙ ስፌት ውስጥ የሚገባባቸውንም አትላሶች በዚሁ ምክንያት መልሻቸዋለሁ።

ከስኬል ቀጥሎ የከፍታ ቀለሞችን ተመልከቱ። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የጣና ዳርቻና ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ በአንድ ዓይነት ቡናማ ከተቀቡ፣ የመሬቱን አቀማመጥ ከዚያ ካርታ ማንበብ አይቻልም። እውነቱን ልናገርና፣ ኤርትራ ገና ነጻ አገር ሆና ያልተሰመረችበትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 በፊት የታተመ አሮጌ አትላስ ያልጣልሁት ለተራሮቹ ቀለም ስል ነው፤ እንግዶች «ይህ ጊዜው ያለፈበት ነው» ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ለድንበር አዲሱን፣ ለተራራ አሮጌውን እገልጣለሁ።

በመግቢያ ገጾች ላይ የሚደረደሩት የፕላኔት ሥዕሎችና የሕዝብ ብዛት ሠንጠረዦች ዋጋ ማስወደጃ ናቸው ባይ ነኝ፤ እኔ የምቆጥረው የካርታ ገጾቹንና የቦታ ስሞች ማውጫውን ብቻ ነው። አትላሱን በመደርደሪያ ላይ አታቁሙት፣ በጀርባው አጋድሙት፤ ከባድ ጥራዝ ቆሞ ሲከርም ገጾቹ ከስፌቱ ይላቀቃሉ።