የ48 ሰከንድ ንግሥናና ሌሎች የቀበቶ ወጎች፦ የበዓል መልእክት

ውድ ወዳጆቼና ተከታዮቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ጤናና ሰላም ከእናንተም ከቤተሰቦቻችሁም አይለይ። ምርቃቱን በዚህ ላሳርግና ወደምናውቀው ጨዋታ ልግባ። አብዛኞቻችሁ ከእኔ ጋር የተወዳጃችሁት በሬስሊንግ ወሬ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው የበዓል መልእክቴ ስለ ሻምፒዮንነት ቀበቶ ፍልሚያዎች ይሁን፤ ስለማይረሱትም፣ አንጀታችንን ስላቃጠሉትም።

ወቅቱም ይጋብዛል። ከገና ሦስት ቀን ቀድሞ የሚውለው ጃንዋሪ 4 በሬስሊንግ ዓለም የታወቀ ቀን ነው። ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ ከ1992 ጀምሮ የዓመቱን ትልቅ ዝግጅት በዚህ ቀን በቶኪዮ ዶም ሲያቀርብ ኖሯል (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ)። አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው ቀን አንድ የማይረሳ ጉድ ሠርተዋል፤ እደርስበታለሁ።

«ውጤቱ አስቀድሞ ለተወሰነ ትግል ምን ያናድዳችኋል?» የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም ሰልችቶናል። እኔ መልሱ ጥያቄው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በእግር ኳስ ቡድናችን ሲሸነፍ ኳስ ድቡልቡል ናት ብለን እንጽናናለን። ዳኛውን እንረግማለን፣ ሜዳውን እንወቅሳለን፣ ዕድልን እናማርራለን። በሬስሊንግ ግን ዕድል የሚባል ነገር የለም። ያየነውን ፍጻሜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበት፣ ይሁን ብሎ የወሰነው ነው። ስለዚህ ብስጭታችን ስለተሸነፈው ሰው ብቻ አይደለም፤ ወራት ሙሉ ጠብቁ ተብለን ስንጠብቅ ከቆየን በኋላ መጠበቃችን ከቁም ነገር ሳይቆጠር መቅረቱ ነው።

የግጥሚያው ማጠር ወይም መርዘም ጥፋት እንዳልሆነ ብሩኖ ሳማርቲኖ ምስክር ነው። ሜይ 17 ቀን 1963 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሻምፒዮኑን ቡዲ ሮጀርስን ያሸነፈው በ48 ሰከንድ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግ ቁጣችን ዓለምን ያዳርስ ነበር። ያ 48 ሰከንድ ግን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የዘለቀ ንግሥና ከፈተ። ያንን ንግሥና የዘጋው ምሽት ደግሞ ለእኔ ከቀበቶ ግጥሚያዎች ሁሉ እጅግ አስደናቂው ነው። ጃንዋሪ 18 ቀን 1971፣ በዚያው አዳራሽ፣ ሩሲያዊ ነኝ እያለ ሕዝቡን የሚያስቆጣው ካናዳዊው ኢቫን ኮሎፍ ከገመዱ ጫፍ ዘልሎ በጉልበቱ አረፈበትና ዳኛው ሦስት ቆጠረ፤ ጀርባህ ምንጣፉ ላይ እንዳለ ሦስት ከተቆጠረ ተሸንፈሃል ማለት ነው። አዳራሹ ጭጭ አለ። ሳማርቲኖ ኋላ ሲናገር፣ ድምፅ ከመጥፋቱ የተነሳ ጆሮዬ የተጎዳ መስሎኝ ነበር ብሏል። አዘጋጆቹ ረብሻ እንዳይነሳ ፈርተው ለኮሎፍ ቀበቶውን ሪንግ ውስጥ እንኳ አላስረከቡትም። ተመልካቹ ያለቀሰው ተታልሎ አልነበረም። የሚወደው ሰው በግልጽ፣ በሦስት ቆጠራ ስለተሸነፈ ነው። ኮሎፍ ቀበቶውን ይዞ የቆየው ሦስት ሳምንት ብቻ ቢሆንም ስሙን ዛሬም እናነሳዋለን።

አሁን ይህን ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በየዓመቱ ከሚያቀርበው ትልቁ ዝግጅት፣ ከሬስልማኒያ 9 ጋር አስተያዩት። ኤፕሪል 1993፣ ላስ ቬጋስ። ሻምፒዮኑ ብሬት ሃርት ከዮኮዙና ጋር ገጥሞ፣ የዮኮዙና አጃቢ ሚስተር ፉጂ ዓይኑ ላይ ጨው በትኖበት ተሸነፈ። ይህም ቢሆን ደግ ነበር፤ ክፉ ሰው በተንኮል ሲያሸንፍ የሚቀጥለው ታሪክ ይጀምራል። ግን በዚያ ምሽት ለቀበቶው ያልተሰለፈው ሃልክ ሆጋን ብሬትን ሊረዳ መጥቶ፣ እዚያው ተጋብዞ፣ በ22 ሰከንድ ሻምፒዮን ሆኖ ወጣ። ብሬት ዓይኑን እያሻሸ ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄድ ሆጋን ጡንቻውን እያሳየ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሆጋን ቀበቶውን ለዚያው ለዮኮዙና መልሶ አስረከበ። ታዲያ ያ 22 ሰከንድ ለማን ጠቀመ? ከሆጋን በቀር የጠቀመው ሰው አልታየኝም።

ደግነቱ አንዳንዴ ብስጭት ራሱ ደግ ፍጻሜ ይወልዳል። በሬስልማኒያ 28 ዳንኤል ብራያን በተጋጣሚው በሺመስ አንድ ርግጫ 18 ሰከንድ ውስጥ ተዘርሮ ቀበቶውን አስረከበ። ብራያን ማለት በትናንሽ አዳራሾች ለዓመታት ሲታገል የኖረ፣ የሙያው ሊቅ የሚባል ሰው ነው። ተመልካቹ በማግስቱ ምሽት «የስ! የስ!» እያለ አዳራሹን አናወጠው፤ ያ ጩኸትም ለሁለት ዓመት አልበረደም። በ2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ ብራያን በአንድ ምሽት መጀመሪያ ትሪፕል ኤችን፣ ቀጥሎም ራንዲ ኦርተንንና ባቲስታን ገጥሞ ባለ ቀበቶ ሆነ። ድርጅቱ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አቅዶት ነበር የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ አላምንም። ያንን ፍጻሜ ያስጻፈው ተመልካቹ ነው።

ተመልካቹ ጮኾም ያላገኘው ፍጻሜ የትኛው ነው ብትሉኝ ያለ ማመንታት የ1997ቱን ስታርኬድ እላለሁ፤ ስታርኬድ የተፎካካሪው ድርጅት የደብሊው ሲ ደብሊው ትልቅ ዝግጅት ነበር። ስቲንግ ባለ ወርቃማ ፀጉርና ባለ ደማቅ ቀለም ተጫዋች ነበር። በ1996 ወዳጆቹ ሲጠራጠሩት ፊቱን ጥቁርና ነጭ ተቀብቶ፣ የቤዝቦል ዱላ ይዞ፣ ከጣሪያው ብረት ላይ ቁልቁል መመልከት ጀመረ። ከዓመት በላይ አፉን ከፍቶ ተናገረ ለማለት አይቻልም። ሆጋንና ጓደኞቹ ድርጅቱን ሲያተራምሱ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አንድ ቀንን ነበር። ዲሴምበር 28 ደረሰ። የታሰበው እንዲህ ነው፦ ዳኛው ኒክ ፓትሪክ ለሆጋን አድልቶ ፈጥኖ ይቆጥራል፤ ብሬት ሃርት መጥቶ ግፉን ያስቆማል፤ ፍልሚያው ይቀጥልና ስቲንግ ያሸንፋል። ሆጋን በእግሩ ተወርውሮ ስቲንግ ላይ አረፈ፤ ዳኛው ምንጣፉን መታ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆጠራው ግን ፈጣን አልነበረም። ሌላ ማንኛውም ዳኛ እንደሚቆጥረው የተቆጠረ ነበር። ብሬት «ፈጥነህ ቆጠርህ» ብሎ ሲጮህ፣ የተመለከተ ሁሉ የተቆጠረው በትክክል እንደሆነ ያውቃል። ስቲንግ ቀበቶውን ወሰደ፤ የወሰደው ግን በትክክል ከተሸነፈ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ በውዝግቡ ምክንያት ቀበቶው ተነጠቀ። ቆጠራውን ማን ቀየረው በሚለው ላይ የነበሩት ሰዎች ዛሬም የየራሳቸውን ይናገራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዓመት በላይ የተለፋበት ድካም በዳኛ መዳፍ ፍጥነት ላይ እንዲንጠለጠል የፈቀደው ሰው ነው።

(ብሬት ያን ምሽት ስለ ፍትሕ የቆመው ያለ ነገር አልነበረም። ከሰባት ሳምንት በፊት ሞንትሪያል ላይ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ ሻውን ማይክልስ በራሱ በብሬት መያዣ ይዞት ሳለ እጅ ሳይሰጥ ደወሉ እንዲደወል ያዘዘው የደብሊው ደብሊው ኢ ባለቤት የነበረው ቪንስ ማክማን ነው። ብሬት የማያውቀው ፍጻሜ ነበር። ስለ ሞንትሪያል ስንት ሰው ስንት ጊዜ ተናግሯል፤ እኔ አልጨምርበትም።)

አሁን ወደ ጃንዋሪ 4 ቀን 1999። አትላንታ፣ ጆርጂያ ዶም። ኬቪን ናሽ ሻምፒዮን ነው፣ ተጋጣሚው ሆጋን። ሆጋን ጠጋ ብሎ በአንድ ጣቱ የናሽን ደረት ነካ። ናሽ በጥይት እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ሆጋን ላዩ ላይ ተኛ፤ ቀበቶው ተዛወረ። ከስድስት ወር በፊት ጎልድበርግ በዚያው ስታዲየም ሆጋንን ሲያሸንፍ ጣሪያው እስኪነቃነቅ የጨፈረ የአትላንታ ሕዝብ ነው ይህን እንዲያይ የተደረገው። የዚያ ምሽት ሌላው ገጽታ ደግሞ በተቃራኒው ጣቢያ ነበር። ተፎካካሪው የማክማን ድርጅት አስቀድሞ በተቀረጸ ዝግጅቱ ሚክ ፎሊ ዘ ሮክን ሲያሸንፍ ሊያሳይ ነበር። የአትላንታው አስተዋዋቂ ቶኒ ሺያቮኒ ከአለቃው ታዝዞ ውጤቱን በቀጥታ ስርጭት አስቀድሞ ተናገረ፤ እያላገጠም ይህ ደግሞ ወንበር ይሞላል አለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተመልካቾች ወዲያው ጣቢያ ቀየሩ። ማሸነፉን እያወቁ ማሸነፉን ለማየት ሄዱ። ውጤቱ የታወቀ ነገር ምን ያጓጓል ለሚሉን ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ጥርሱ የወላለቀ፣ ጆሮው የተቆረጠ፣ መልኩም ቁመናውም ለሻምፒዮንነት አይሆንም የተባለ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ቀበቶውን ከፍ ሲያደርግ ማየት ማን ይጠላል?

ከሁሉም በላይ ግን በኮፊ ኪንግስተን ነገር ልቤ አያርፍም። ኮፊ ጋና የተወለደ ነው። ደብሊው ደብሊው ኢ መጀመሪያ ሲያቀርበው ግን ጃማይካዊ ብሎ፣ የጃማይካ አነጋገር እያስነገረ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2019 መጀመሪያ፣ በተጎዳ ሰው ምትክ ወደ አንድ ፍልሚያ ገባና ሕዝቡ አልለቅህም አለው። በሬስልማኒያ 35 ዳንኤል ብራያንን ገጠመ። ብራያን በዚያ ሰሞን ክፉ ሆኖ የቆዳውን ቀበቶ ጥሎ ከሄምፕ ተክል ቃጫ የተሠራ ቀበቶ ይታጠቅ ነበር። ዳኛው ሦስት ሲቆጥር ጓደኞቹ ቢግ ኢ እና ዜቪየር ዉድስ እየተንሰቀሰቁ ገቡ፤ የተለመደውን ቀበቶም አውጥተው ወገቡ ላይ አሰሩለት። ልጆቹ ሪንግ ውስጥ ገብተው አቀፉት። ያንን ቀበቶ ለመታጠቅ በአፍሪካ ምድር የተወለደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ስለዚያ ምሽት ክፉ የሚናገር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ከ180 ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 4፣ ብሮክ ሌስናር አንድ ጊዜ አነሳው፤ አንድ ጊዜ ጣለው። አሥር ሰከንድ አልሞላም። መሸነፉ አይደለም ያቃጠለኝ፤ ሌስናር የሚያሸንፈው ሰው ብዙ ነው። ኮፊ ገና ከምንጣፉ ሳይነሳ ካሜራው ወደ ሌስናር ቀጣይ ተጋጣሚ ዞረ። ኮፊም እልህ ሳይታይበት፣ ቀበቶዬን መልሱልኝ ሳይል፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ ጥንድ ግጥሚያ ተመልሶ ሲስቅ ታየ። ሳማርቲኖ ሲሸነፍ አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዲያዝን ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። ለኮፊ ያ ጊዜ አልተሰጠም።

ያ ሳምንት ጭራሽ የተረገመ ነበር መሰለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሳክራሜንቶ ላይ ሴት ሮሊንስ ዘ ፊንድ ከተባለው አስፈሪ ገጸ ባሕርይ ጋር በብረት ጎጆ ውስጥ ገጠመ። መብራቱ ሁሉ ቀይ ስለነበር ማን ማንን እንደሚመታ ለማየት ዓይን ማጥበብ ግድ ነበር። ፍጻሜው ሲደርስ ዳኛው፣ ምንም ክልክል በሌለበት ጎጆ ውስጥ፣ መዶሻው በዛ ብሎ ግጥሚያውን አቋረጠ። ሕዝቡ ገንዘባችንን መልሱ ብሎ ጮኸ። ተጨማሪ ቃል አይገባውም።

ርዝመትስ? በ1996 ብሬትና ሻውን 60 ደቂቃ ታግለው ባዶ ለባዶ ሆኑ፤ በጭማሪ ሰዓት ሻውን አሸነፈ። አድናቂዎቹ ይቆጡኝ እንጂ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያዳክማል። በኦሳካ በ2018 ኬኒ ኦሜጋ ካዙቺካ ኦካዳን ያሸነፈበት ግን ከ64 ደቂቃ በላይ ፈጅቶ አንዱም ደቂቃ አይጣልም። ምክንያቱም ፍልሚያው የጀመረው ያን ቀን አልነበረም። በጃንዋሪ 4 ቀን 2017 ኦካዳ ከ46 ደቂቃ በኋላ አሸንፎታል፤ በሰኔ 60 ደቂቃ ታግለው አቻ ወጥተዋል። ሦስተኛው ጊዜ ለቀበቶው ሲገናኙ ኦካዳ 720 ቀናት የነገሠ ሻምፒዮን ነበር፤ ተመልካቹም እያንዳንዱን መያዣ ከዚህ በፊት የት እንዳየው ያስታውሳል። ኦካዳ ሲወድቅ ማንም የተታለለ አልመሰለውም፤ ሁሉም የድርሻውን ጠብቆ ያገኘ ነበር።

የኮዲ ሮድስን ነገር ሳላነሳ ብቀር ትወቅሱኛላችሁ። በ2023 ሮማን ሬንስ በዘመዱ እርዳታ አሸነፈውና ስታዲየሙ ደነገጠ። በዓመቱ ፊላዴልፊያ ላይ ኮዲ አባቱ ደስቲ ሮድስ ሳይታጠቀው ያለፈውን ቀበቶ ወሰደ፤ የሬንስ የ1,316 ቀናት ንግሥናም አበቃ። ብዙዎች ያኔ መሸነፉ ይህን አጣፈጠው ይላሉ። ማጣፈጡን አልክድም። ነገር ግን የ2023ቱ ውሳኔ ልክ ነበር ለማለት ዛሬም አልደፍርም፤ ያን ዓመት ኮዲ ቢጎዳስ? ቢታክተውስ? ተመልካቹስ ቢሰለች?

በእረፍታችሁ ጊዜ ካገኛችሁ የሪክ ፍሌርንና የሪኪ ስቲምቦትን የ1989 ሦስት ግጥሚያዎች በቅደም ተከተል ተመልከቱልኝ፤ ቺካጎ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ናሽቪል። ስቲምቦት ቀበቶውን ይወስዳል፣ ያስጠብቃል፣ ፍሌር ያስመልሳል። ከዚያ እናንተን ያስለቀሳችሁንና ያቃጠላችሁን ጻፉልኝ፤ በየተራ እመልሳለሁ። ስለ ሳክራሜንቶ ሊከራከረኝ የሚፈልግ ግን በዓሉ እስኪያልፍ ይታገሠኝ። መልካም ገና!