ከጠርሙስ ክዳን የሚሠራ የአደባባይ ሥዕል

የፕላስቲክ ክዳን ግድግዳ ላይ በቀላሉ የሚለጠፍ ይመስላል፤ ግን አይለጠፍም። የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ተራ ኮላ አይዝም፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት እየተላቀቀ ይረግፋል። ስለዚህ በቪቴ ይታሰር።

ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን በረድፍ ሲደረደር ለአንድ ካሬ ሜትር ወደ 1,100 ይፈጃል። መጀመሪያ ክዳኑን በየቀለሙ መለየት፣ ንድፉን ከዚያ በኋላ መሣል ይሻላል፤ አለበለዚያ ሥዕሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ አረንጓዴው ያልቃል። በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ የለስላሳ ቅሪት ጉንዳንና ንብ ይጠራል።

ክዳኑ የሚታሰርበት ሰሌዳ ውኃ የሚቋቋም፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) ይሁን። ቶሎ ውኃ የሚጠጣው ጠርዙ ነው፤ እዚያ ላይ ቀለም መቆጠብ ሞኝነት ነው። የክዳኑ ቀዳዳ ከቪቴው ትንሽ ሰፋ ይበል፤ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለጠጥ አጥብቆ ያሰረ ሰው ክዳኑን ይሰነጥቀዋል። ቪቴው የማይዝግ፣ ሮንዴላ (ከራሱ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ቀለበት) ያለው ይሁን። ሰሌዳው ከግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከኋላው አየር ካልገባ እርጥበት ያበሰብሰዋል።

ቀይ ክዳን ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል። ለመተኪያ ከየቀለሙ ጥቂት ማስቀረት ያስፈልጋል፤ የሚቀመጠው ግን ብርሃን የማያገኘው ቦታ ነው።