የተጠረጠረው አልጋ

ሐዋሳ በገባሁ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ እግሬን እያከክሁ ነቃሁ። መብራት አበራሁ። ከጉልበቴ በታች ቀይ በቀይ ሆኗል። ግራውን ብቻ ብቆጥር 23። ወዲያው የመጣልኝ አንድ ነገር ነው፤ ትኋን።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀልጠፍ ያሉ ሴት ናቸው። «እትዬ፣ አልጋዎ ትኋን አለው» አልኳቸው፣ ደህና አደሩ እንኳን ሳልል። አልተቆጡም። ገብተው አንሶላውን ገፈፉት። ፍራሹን ገልብጠው ስፌቱን በስልካቸው መብራት ጥግ በጥግ አሳዩኝ። ጥቁር ነጠብጣብ የለም። አንሶላው ላይ የደም ጠብታ የለም። ከዚያ ወደ እግሬ ዞሩ።

«ማታ የት ነበርክ ልጄ?»

«ሐይቁ ዳር።»

«በቁምጣ?»

«አዎ።»

«ስትተኛስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ አፈርኩ። በውስጥ ሱሪ ብቻ ነው የተኛሁት።

«ታዲያ ትኋኑ ቁምጣህ የት ድረስ እንደነበር በምን አወቀ?» አሉኝ። እውነትም ቀዩ ነገር ጉልበቴ ላይ በመስመር ተቆርጧል። ጭኔ ንጹህ ነው።

ማታ የሆነውን መለስ ብዬ አሰብኩት። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣዬን በላሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ አየሁ። ከዚያ ሰው ከሚበዛበት ራቅ ብዬ፣ ቄጠማው አጠገብ እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ቆሞ ሐይቁ እንደ መስታወት ሆኖ ነበር። ጀንበሯ ስትጠልቅ ፎቶ ሳነሳ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። የመንገዱ መብራት ሲበራ እንደ ደመና የተሰበሰበ ትንኝ ሳይ ግን ተነስቼ ሮጥኩ።

ለካ የሸሸሁት ንጹሃኑን ነው። መብራት ላይ የሚንጋጋው የሐይቅ ትንኝ አይናከስም፤ ለመንከስ የሚሆን አፍም የለው። እጩ ሐይቁ ውስጥ ጭቃ ላይ ያድጋል፣ ዓሣም ይበላዋል። ምናልባት የበላሁት ቆሮሶ የሰባው በእሱ ይሆናል።

የነከሰችኝ ሌላ ዓይነት ትንኝ ናት። ሳይንሱ ኩሊኮይድስ ይላታል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፤ ትንሿ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። ድምጿ አይሰማም። እንደ ቢምቢ በመርፌ አትመጥም፤ ቆዳን በጥቃቅን ጥርስ ቆርጣ የወጣውን ደም ትልሳለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፣ ለእንቁላሏ ደም ስለምትፈልግ። የሚያሳክከን ምራቋ ነው። አንዳንዴ ሰዓታት ቆይቶ ስለሚጀምር ነው ሰው ያለ ጥፋቱ አልጋውን የሚከሰው።

በባሕር ዳርቻ የሚዝናኑ ሰዎችም የሚያማርሩት የእሷን ዘመዶች ነው። እዚያ የሚፈለፈሉት ማንግሩቭ የሚባለው፣ ጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ሥር ባለው ጭቃ ላይ ነው። እዚህ ደግሞ ቄጠማውና የበሰበሰው ቅጠል ይበቃታል። ሰውን አሳክካ ብትተው ጥሩ ነበር። የጋሪ ፈረሶችን የሚጨርሰውን የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የምታዛምተውም እሷው ናት። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሐዋሳ ውስጥ ጋሪ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ፈረሱ ይሄዳል።

ድክመቷ ነፋስ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነፈሰ መብረር ይከብዳታል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ሐይቁ ዳር የሄድኩት ከሰዓት፣ ውሃው ሞገድ ሲያነሳ ነው። ረጅም ሱሪ፣ እላዩ ላይ የተሳበ ነጭ ካልሲ። አለባበሴ ያስቃል፣ የባጃጁ ልጅ በግልጽ ስቋል። ካልሲው ያልሸፈነውን ቦታ ዲት የሚባል የነፍሳት ማባረሪያ ያለበት ቅባት ቀባሁት። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ ሲሞት ተነሳሁ። ጎንበስ ብዬ ካልሲዬን ሳይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉ። አንዷን በጣቴ ነካ አደረግኳት፤ በረረች። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ቤት ስመለስ እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ቬንትሌተሩን ወደ አልጋው አዙረው» አሉኝ። ብልህ ምክር ነው፤ የአጎበር ቀዳዳ ለቢምቢ ልክ የተሠራ በመሆኑ ይቺ ሾልካ ትገባለች። አጎበሩን ግን አልተውኩም። ሐዋሳ ወባ አለ፣ ወባ ደግሞ በማከክ አይለቅም።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ። ሻሸመኔ ሳንደርስ እግሬ ጀመረው። አላክም ብዬ ቻልኩ፣ ቻልኩ፣ መጨረሻ ላይ ሱሪዬን ሰብስቤ በሁለት እጄ ገባሁበት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እግሬን አየችው። ወንበሩን አየችው። ቦርሳዋን አንስታ የኋላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።