300 ስም

ሰሞኑን ዝም ብሎ ሆድ ይብሰኛል። ጭጋጉ ይሆናል፣ እንጃ። ታላቅ እህቴ ደውላ ስለ እናታችን ጉልበት ስናወራ መሃል ላይ የልጇን ነገር አነሳች። መሬት እንዲሰጡት ቀበሌ ሲመላለስ ከረመ አሉ። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ይታያል።»

የትኛው ምክር ቤት?

እኔ የማውቀው የቀበሌ ምክር ቤት የ2005ቱን ነው። ሚያዝያ ላይ ተመረጠ፤ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሉክ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ጫፉን ነፋስ የሚያርገበግበው የስም ዝርዝር። 300 ስም! ማንበብ የማይችሉት አባቶች «እስቲ የኔን ፈልግልኝ» ይሉኝ ነበር። አጎቴም መጣ። ስሙን አገኘሁለት። ጣቱን ከጣቴ አጠገብ አሳርፎ ጽሑፉን ነካ ነካ አደረገው። የምርጫው ቀለም ጥፍሩ ላይ ገና አልለቀቀም። «እንግዲህ ምን ልንሠራ ነው?» አለኝ። የምለው ጠፋኝ።

ማን እንደሚያሸንፍማ ለማወቅ ግድግዳ ጋ መሄድ አያስፈልግም ነበር። በ2000ው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ መቀመጫ ቀርቦ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ99 በመቶ በላዩን ወሰዱ። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች አንወዳደርም ብለው ወጡ። ሰው ወደ ወረቀቱ የሚሄደው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው። ማዳበሪያ ሲመጣ ማን ደጅ ይጠናል? ሴፍቲኔት ማን ያስገባል? ድንበር የተገፋበት ለማን አቤት ይላል? ፓርቲው የታወቀ ነው፤ ፊቱ ግን የጎረቤት ፊት ነው።

300 ሰው ለአንድ ቀበሌ ብዙ ነው። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሴቱም ድሃውም ገብቶበታል። እኔ ግን እያደር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁሉም ከተመረጠ ማን ማንን ይጠይቃል? ሥራውን የሚሠሩት እንደሁ ሊቀመንበሩና ጥቂት የካቢኔ ሰዎች ናቸው። አጎቴ ተሰብስቦ፣ እጁን አውጥቶ፣ ወደ ማሳው ይመለሳል።

እሱም ቢሆን ቀረ። የምክር ቤቱ ዘመን 5 ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ። በ2013 ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ የቀበሌና የወረዳው አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል። በቀጥታ! ይህ ነገር ያመኛል። እዚህ አዲስ አበባ ስለ ፓርላማ ስንከራከር እናመሻለን፤ ፓርላማው ግን ገመድ ይዞ መጥቶ ለማንም ማሳ አይለካም። ገበሬ መንግሥትን የሚያውቀው በቀበሌው ነው። መሬት ያለው እዚያ፣ ክርክሩ እዚያ፣ ቂሙም እዚያ።

ከ300ው ስንቱ አለ? አንዳንዶቹን ቀብረናል። ጥቂቶቹ በጅቡቲ አድርገው ሳዑዲ ገብተዋል። አንዷ ደሴ ሻይ ቤት ከፍታለች። ቦታቸውን ማን ያዘው? በማን ድምፅ?

ያኔ አንደኛ ክፍል የነበሩት ዛሬ ጢም አብቅለዋል። ማግባት የሚፈልግ አለ፣ መንገድ የቋመጠ አለ። ቀበሌን የሚያውቁት መታወቂያ የሚወጣበት፣ ለስብሰባ የሚጠሩበት ቤት አድርገው ነው። እኛ ቢያንስ ስም የምንፈልግበት ወረቀት አይተናል፣ የማይረባም ቢሆን። ነገ የቀበሌ ምርጫ ቢጠራ እነዚህ ልጆች ይመዘገባሉ? እውነተኛ ምርጫ ቢሆንስ፣ ሁለት ሦስት ሰው የምር ቢፎካከርበት፣ የራሳቸው ነገር ነው ብለው ያምናሉ?