በቮልሴ ውስጥ የዘነበው ዝናብ

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረበት አንድ ጠዋት፣ ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቴ ለመሄድ የቮልሴን ቁልፍ ባዞር ሞተሩ ትንፍሽ አላለም። የቮልስ ባትሪ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ ወንበሩን አንሥቼ ተመለከትሁ። ባትሪው ያረፈበት ላሜራ ውሃ አቁሯል፤ የማሳው (የኔጋቲቩ) ገመድ ከወለሉ ጋር የታሰረበት ቡሎንም ዝጎ በጣት ሲነካ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ገመዱን ፍቄ አዲስ ቡሎን ካሰርሁለት በኋላ መኪናዋ ተነሣች። ውሃው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

መኪናዋ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1970 ሥሪት ስትሆን ከአባቴ የወረስኋት ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበርና አባቴ መኪናዋን ለእንግዳ ባሳዩ ቁጥር ይህን ሳያነሡ አያልፉም ነበር። ለእኔ ግን የበለጠ የጠቀመኝ ሌላው ታሪኳ ነው፤ ይህ ሞዴል ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ላለፋት መኪና እንኳ የመስታወት ጎማ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እርጥበት ባየሁበት ሁሉ ሲሊኮን መቀባት ነበር። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን ዓይነት ገዝቼ የፊቱን መስታወት ጎማ ዙሪያውን ቀባሁት። ይህ ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አቼቶ አቼቶ የሚሸት አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም ቀለሙ የተላጠ ላሜራ ሲያገኝ ዝገቱን ያፋጥነዋል። በዚያ ላይ ከላይ የተቀባው ሽፋን ከሥር የገባውን ውሃ መውጫ አሳጥቶ እዚያው እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ይህን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ሲሊኮኑን ስልጥ ከሥሩ ቀይ የዝገት ዱቄት አብሮ ሲነሣ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ገንዘብ ያስወጣ ነው። ውሃው የሚጠራቀመው ከኋላ ወንበር ሥር ስለነበር አንድ ጋራዥ ወስጄ ሳሳይ፣ ከኋላ የሚያፈሰው የኋላው መስታወት ጎማ ነው ተብዬ አስቀየርሁ። በነጋታው ዘነበ፤ ባትሪውም እንደ ወትሮው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በየጠዋቱ በጨርቅ እየመጠጥሁ ባጀሁ። የመኪናዋ ሽታ ግን በጨርቅ የሚመጠጥ አልነበረም፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሮቿን ዘግታ እጣን ታጥናት ነበር፤ ውጤቱም እጣን እጣን የሚል ሻጋታ ሆነ።

ነገሩ መልክ የያዘው በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ ያላቸውና ዕድሜያቸውን በቮልስ ላይ ያሳለፉ አዛውንት መካኒክ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ ነው። የነገርኋቸውን ሁሉ በዝምታ አዳምጠው መኪናዋን ሳይነኩ፣ «ልጄ፣ ማታ የት ነው የምታቆማት?» አሉኝ።

«ግቢ ውስጥ ነው ጋሼ።»

«ግቢህ ሜዳ ነው ወይስ ዳገት?»

የአራት ኪሎ ግቢያችን ወደ በሩ ያዘቀዘቀ ስለሆነ መኪናዋን ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ ነው የማቆማት። እንዲህ ብዬ ስመልስ ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያው ለሦስት ሌሊት አዙረህ አቁማትና ተመለስ» ብለው አሰናበቱኝ። አዞርኋት። በሁለተኛው ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ጠዋት ወንበሩን ሳነሣ የባትሪው ቦታ ደርቆ፣ ከፊት በቀኝ በኩል ያለው የእግር ምንጣፍ ግን ሲጨመቅ የሚንጠባጠብ ሆኖ አገኘሁት። የቮልስ ወለል ከፊት ተሳፋሪው እግር እስከ ባትሪው ድረስ ሳይቋረጥ የሚሄድ ላሜራ ነው፤ ከፊት የገባው ውሃ ከምንጣፉ ሥር ለሥር እየተንሸራተተ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይጠራቀም ነበር። የከፈልሁበት የኋላ መስታወት ጎማ ምንም በደል አልነበረበትም።

ጋሼ ሥራውን እንዳስረክባቸው አልፈለጉም። ፍሳሽ መፈለግ ጊዜ እንጂ ጥበብ አይጠይቅም፣ ለእኔ የምትከፍለኝ ጊዜ ደግሞ ውድ ነው አሉኝና አካሄዱን ነግረው ሰደዱኝ። እኔም በጳጉሜን ሥራውን ጀመርሁ። በመጀመሪያ ወንበሮቹን፣ ምንጣፉንና ከምንጣፉ ሥር የተለጠፈውን ድምፅ አፋኝ ሬንጅ ያለበት ካርቶን በሙሉ አወጣሁ። ወለሉ ራቁቱን ካልቀረና ካልደረቀ የሚታየው ውሃ የዛሬ ይሁን የትናንት መለየት አይቻልም። ከቤት በኤክስቴንሽን ገመድ የአየር ማሞቂያ አስገብቼ ሁለት ቀን አደረቅሁት፤ ምንጣፉንም በዝናብ መሐል ብቅ በሚለው ፀሐይ የግቢው አጥር ላይ እየሰቀልሁ፣ ሲዘንብ እየሮጥሁ አወርደው ነበር።

ለሙከራው የሚያስፈልገው ውሃ ራሱ ችግር ሆነ፤ በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መፍትሔው ከአሸንዳው ሥር ያለው በርሜል ሆነ። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት የጣለው ዝናብ ሞልቶት ነበርና ባለቤቴ «የሩፋኤልን ውሃ ለመኪና!» ብላ ብትቆጣም፣ በጆግ ለቤት ከተቀዳለት በኋላ የቀረው ተፈቀደልን። በርሜሉን ከግቢው ግንብ አጠገብ ከፍ አድርገን በቀጭን የጎማ ቱቦ ሳብነው። እንዲህ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ ለዚህ ሥራ ከመኪና ማጠቢያ ግፊት ይሻላል፤ ኃይለኛ ግፊት ዝናብ ፈጽሞ በማይገባበት ስንጥቅ ሁሉ ውሃ አስገብቶ ያሳስታል።

የእህቴ ልጅ ከውጭ ያፈሳል፤ እኔ ከውስጥ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሜ በስልኬ መብራት አያለሁ። ውሃው በሚገባባቸው ናቸው ብዬ በጠረጠርኋቸው ቦታዎች ሁሉ ሶፍት ቆርጬ ለጥፌ ነበር፤ ደረቅ ሶፍት አንዲት ጠብታ ስትነካው ወዲያው ስለሚጠቁር ከዓይን ቀድሞ ይናገራል። ዋናው ሕግ ከታች መጀመር ነው። በመጀመሪያ የበሩ ታችኛው ጠርዝ፣ ቀጥሎ የበሩ መስታወት፣ ከዚያ በኮፋኖው ጫፍ ያለው የአየር ማስገቢያ፣ በመጨረሻ የፊቱ መስታወት፤ በእያንዳንዱ ላይ አምስት ደቂቃ። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ሁሉንም ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚያርሰው የትኛው እንዳፈሰሰ አያውቅም። የበሩን ዳር ጎማ ደግሞ ያለ ውሃም መፈተን ይቻላል፤ የአሥር ብር ኖት በበሩ መዝጊያ ላይ አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው። ብሩ ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው አይነካም ማለት ነው። የእኔ በሮች ይህንን ፈተና አልፈዋል።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ፈሰሰ። ከ1968 እ.ኤ.አ. ሥሪት ጀምሮ ቮልስ ከፊቱ መስታወት ሥር ንጹሕ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተደርገውለታል። በቀዳዳዎቹ ዝናብ መግባቱ የታሰበበት ነው፤ ከሥራቸው ያለው ሣጥን ውሃውን ተቀብሎ በጎማ ቱቦ ወደ መሬት ያወርደዋል፤ አየሩ ብቻ ወደ ውስጥ ያልፋል። ኮፋኖውን ከፍቼ (በቮልስ ከኮፋኖ ሥር ያለው ሞተር ሳይሆን የዕቃ ቦታና የነዳጅ ታንክ ነው) የካርቶን ሽፋኑን ሳነሣ ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ቱቦውን ነቅዬ በለስላሳ ሽቦ ስወጋው የወጣው ነገር እንደ ቡና አተላ የጠቆረና የተጣበቀ ጭቃ ነው፤ በውሃ ሳጥበው ግን እያንዳንዱ ቅንጣት የጃካራንዳ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። በመሥሪያ ቤቴ አጠገብ መኪናዋን የማቆምበት ጥላ የዚያው ዛፍ ነው። የጃካራንዳ ቅጠል ከሩዝ ፍሬ ብዙም ስለማይበልጥ በየትኛውም ቀዳዳ ያልፋል፤ በበጋ እየረገፈ ሣጥኑ ውስጥ ሲደርቅ ይከርምና ክረምት ሲገባ ይቦካል። ሁለት ክረምት ሙሉ መግቢያ ስደፍን መፍትሔው መውጫ መክፈት ነበር። ከተጸዳ በኋላ አንድ ጆግ ውሃ ብገለብጥበት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ አለቀ።

በሮቹም ተመሳሳይ ነገር ነበረባቸው። በማንኛውም መኪና በመስታወቱና በውጪው ጎማ መካከል ዝናብ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ መውጫው በበሩ ግርጌ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። መኪናዋ ከዓመታት በፊት እንደገና ስትቀባ የእኔዎቹ በቀለምና በስቱኮ ተደፍነው ኖረዋል። በቀኙ በር ደግሞ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ሲገጥም ከበሩ ልባስ (ከውስጥ ሽፋኑ) ጀርባ ያለውን ላስቲክ ቀዶታል፤ ስለዚህ ውሃው በልባሱ አድርጎ ወደ ወለሉ ይወርድ ነበር። ቀዳዳዎቹን ከፍቼ አዲስ ወፍራም ላስቲክ ለጠፍሁ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የላስቲኩ የታችኛው ጫፍ ወደ በሩ ሆድ ተመልሶ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ከውጭ ከተንጠለጠለ ውሃውን ራሱ ላስቲኩ መርቶ ጋቢና ውስጥ ያስገባዋል። እኔ የመጀመሪያውን በር እንደዚያ አድርጌ አበላሽቼ ደግሜ ሠርቻለሁ።

የቀረው የፊቱ መስታወት ሲሆን ጎማው ማዕዘኖቹ ላይ ተሰንጥቆ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ሲሊኮኔን ፍቄ ለማንሣት ብቻ ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረቱ ድረስ ጠርጌ አንቲረስትና ቀለም ቀባሁት። ከሶማሌ ተራ መጀመሪያ ያመጣሁት ጎማ ማዕዘን የሌለው፣ ተቆርጦ የተጣበቀ ስለነበር መለስሁት፤ ማዕዘኖቹ በቅርጻቸው የወጡለትን ለማግኘት ሌላ ሁለት ቅዳሜ ተመላለስሁ። ለመግጠሙ ጋሼ ራሳቸው መጡ። ጎማው በመጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይለበሳል፤ ከዚያም በጎማው የውስጥ ስንጥቅ ዙሪያውን ቀጭን ሲባጎ ይጠመጠምና ሁለቱ ጫፎች ታች መሐል ላይ ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ሁሉም በሳሙና ውሃ ይርሳል። መስታወቱ ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ እኔ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያልሁ ስስብ፣ የጎማው ከንፈር በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ይገባል፤ እሳቸው ከውጭ በመዳፋቸው ልክ እኔ በምስብበት ቦታ ይጫናሉ። በሁለተኛው ማዕዘን ላይ ቸኩዬ ሳብሁና ሲባጎው ከንፈሩን ሳይዝ ወጣ። «ዳቦ እየቆረስህ አይደለም» ብለው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ።

ወለሉ ላይ ከባትሪው ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በልቶ ነበርና አስበየድሁት። ባትሪውንም ሽፋኑን ገዝቼ አለበስሁት፤ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ቢነካ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል ጋሼ ስላስፈራሩኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ቀይሬ አላውቅም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ምንጣፉን ሳልመልስ፣ ወለሉ ላይ አሥራ ሁለት ቁራጭ ሶፍት ለጥፌ ጠበቅሁ። ሐምሌን ሁሉም ደርቀው አለፉ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ቢባልም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከበረዶ ጋር የተቀላቀለ ነፋሻ ዝናብ ጥሎ አደረ፤ ጠዋት ስመለከት አሥራ አንዱ ነጭ ናቸው፤ አንዱ፣ በግራ ከኋለኛው የጎን መስታወት ሥር ያለው፣ ዳሩ ብቻ ጠቁሯል። በተራ ዝናብ ግን አይረጥብም፤ ነፋስ ሲኖር ብቻ ነው። ምንጣፉን መልሻለሁ፤ ያችን ሶፍት ግን እስካሁን በየሰኞው እቀይራታለሁ።