ሁለት ዓመት ያቃጠለችኝ አንዲት "ወይም"

ልጄን ሆምስኩል ማድረግ ስንጀምር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ጓደኛ ከየት ሊያገኝ ነው?" ነበር። ስለ ቴስት የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም አላሰብኩበትም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቤት ማስተማር ማለት ከፈተና መገላገል ይመስለኝ ነበር። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሕጉ እስከ ኦገስት 15 ልጄን ቤት ላስተምር ነው ብለህ ለስኩል ዲስትሪክቱ ትጽፋለህ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መማሩን የሚያሳይ ማስረጃ ታስገባለህ ይላል። የመጀመሪያውን ወረቀት በሰዓቱ አስገብቼ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ያቃጠለኝ ሁለተኛው ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ እንደኔ ቤት የምታስተምር እናት "ለቴስት አስመዘገብሽው?" አለችኝ። የምን ቴስት? ልጁ ገና 6 ዓመቱ ነውኮ። ማስረጃው ቴስት ነው አለችኝ፣ ለካ ሕጉ ማስረጃ የሚጠይቀው ሴፕቴምበር 30 ላይ 6 ዓመት ለሞላው ልጅ ነው፣ የኔው ደግሞ ልደቱ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ወር ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ ያን ዓመት ማንም አይጠይቀንም ነበር። በሳምንታት ልዩነት!

በጣም ያናደደኝ ምን መሰላችሁ፣ ፐብሊክ ስኩል ያሉት ልጆች እንኳን የስቴቱን ፈተና መውሰድ የሚጀምሩት 3ኛ ክፍል ላይ ነው። የፌደራሉም ሕግ፣ ያ 2002 ላይ የተፈረመው ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድም ሆነ 2015 ላይ እሱን የተካው፣ በየዓመቱ ንባብና ሒሳብ ይፈተኑ የሚለው ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። እርግጥ ከዛ በታች ላሉት የንባብ ስክሪኒንግ አለ፣ ግን እሱ ማን እርዳታ ይፈልጋል የሚለውን ለማወቅ ነው እንጂ በትምህርት ገበታው ይቀጥል አይቀጥል የሚባልበት አይደለም። ናሽናል ኤጁኬሽን ጎልስ ፓነል ይባል የነበረው የፌደራል ቡድን 1998 ላይ ባወጣው ሪፖርት ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ፈተና ለትልቅ ውሳኔ የሚያበቃ ትክክለኛነት የለውም ብሎ ነበር። ታዲያ የኔን የ6 ዓመት ልጅ ምን ልትሉት ነው? ደግሞ ወንዙን ተሻግረህ ሜሪላንድ ስትገባ ቴስት የለም፣ የልጁን ሥራ ፖርትፎሊዮ አድርገህ ታሳያለህ። ጆርጂያ በየሦስት ዓመቱ ነው፣ እሱም ከ3ኛ ክፍል መጨረሻ ጀምሮ። ቴክሳስ ጭራሽ የለም። ልጁ ያው ልጅ ነው፣ አድራሻው ነው የሚለየው።

ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ ስዘበዝብ ዝም ብሎ ሰምቶኝ "እና አሁን ምን ልናደርግ ነው?" አለኝ። ምን እናደርጋለን፣ እናስጠናዋለን አልኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ እሱ ነው።

እስከዛ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን እናነባለን፣ አንዱን ገጽ እኔ አንዱን እሱ፣ ከዛ ሒሳብ፣ ከዛ ውጪ። የልምምድ መጽሐፍ ገዝቼ እሱን ሁሉ አስቆምኩት። በየቀኑ ስድስት ገጽ። ሥዕል አለ፣ ከሥሩ ሦስት ሥዕሎች፣ በየሥዕሉ ሥር ትንሽ ክብ፣ ትክክለኛዋን ታጠቁራለህ። አንድ ቀን ከላይ የውሻ ሥዕል ነበር፣ ጥያቄው በዚህ ድምፅ የሚጀምረው የቱ ነው የሚል፣ ምርጫው በር፣ መስኮትና ዓሣ። መልሱ በር ነው፣ ዶግ እና ዶር። ልጄ ያለ ምንም ማመንታት መስኮቱን አጠቆረ። "እንዴ፣ እስኪ እንደገና እየው" አልኩት። አየው። "ው ነው የሚጀምረው፣ ውሻ። ዊንዶው" አለኝ። ሥዕሉን ሲያይ በጭንቅላቱ የመጣለት አማርኛው ነው፣ ከዛ ድምፁን ለየ፣ ከዛ እንግሊዝኛው ውስጥ በሱ የሚጀምር ፈለገ። ሁለት ቋንቋ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ ነው መልሱን ያመጣው፣ ማሽኑ ግን ኤክስ ነው የሚሰጠው። እኔስ ምን አደረግሁ? "አይ ተሳስተሃል" አልኩታ! እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቢኖር ያቺ ቀን ናት።

ማርች መጨረሻ ላይ ስለ ጨረቃ አንድ መጽሐፍ እያነበብኩለት አቋረጠኝና "እማዬ፣ ይሄ ቴስት ላይ ይወጣል?" አለኝ። አይወጣም አልኩት። "እና ለምን እናነበዋለን?"

ቤት ያስቀረሁት እንዲህ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ነበርኮ።

ቴስቱን የወሰደው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ከስምንት የማያውቃቸው ልጆች ጋር። እኛ ወላጆች ኮሪደሩ ላይ ቆመናል፣ በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለችና በየተራ እናጮልቃለን (አንዷ እናት እንደውም ጭራሽ ከመስታወቱ አልነሳ አለች)። ሴትየዋ ጥያቄውን ታነባለች፣ ሕጉ ስለሆነ አትደግምም፣ ልጆቹ ያጠቁራሉ። የኔ ልጅ ደግሞ ጥያቄ መመለስ ማለት መነጋገር ነው የሚመስለው፣ ቤት ውስጥ ለምን እንደዛ አልክ፣ እስኪ አስረዳኝ እየተባለ ነው ያደገው። እጁን ሲያወጣ አየሁት፣ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለችው፣ እጁን አወረደ። እንደገና አወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ተወው። ሲወጣ "እንዴት ነበር?" አልኩት። "ሴትየዋ መልሱን ታውቀዋለች፣ ግን አትናገርም" አለኝ፣ እንደ ክፉ ሰው አድርጎ ነው የነገረኝ።

ውጤቱ ከወር በኋላ መጣ። 31።

በቃ ኩሽና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኛ ባደግንበት 31 ማለት መውደቅ ነው፣ ከ100 31 አምጥቶ ወላጁ ፊት የሚቆም ልጅ የለም። ሥራዬን ትቼ፣ ሰው እየሳቀብኝ፣ ልጄን ቤት አስቀርቼ፣ 31! ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ደጋግሞ አየውና "ይሄኮ ማርክ አይደለም፣ ደረጃ ነው" አለኝ። ፐርሰንታይል የሚሉት ለካ ከ100 ጥያቄ ስንቱን መለሰ ማለት አይደለም፣ በሱ ክፍል ያሉ 100 ልጆች ቢሰለፉ ስንቱን ይቀድማል ማለት ነው። እኛ ደረጃ ስንል ከላይ ነው የምንቆጥረው፣ እነሱ ከታች ነው የሚቆጥሩት፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። "እኔ 1ኛ ክፍል ከ62 ልጅ 48ኛ ነው የወጣሁት፣ ይኸው ሚስት አግብቻለሁ" አለኝ ደግሞ፣ እያለቀስኩ አሳቀኝ።

ይሄን ነገር በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም እንደኔ የሚደነግጥ ብዙ ሰው አለ። ቨርጂኒያ የሚጠይቀው አጠቃላይ ውጤቱ 4ኛ ስታናይን ወይ ከዛ በላይ እንዲሆን ነው። ስታናይን ማለት ልጆቹን ሁሉ ዘጠኝ ቦታ መክፈል ነው፣ ግን እኩል አይደለም የሚከፈሉት፣ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቂት ልጅ መሀሉ ላይ ብዙ ልጅ ነው ያለው። ከታች ስትቆጥሩ 1ኛው ላይ 4 ፐርሰንት፣ 2ኛው ላይ 7፣ 3ኛው ላይ 12 አለ። ስትደምሩት 23 ነው። ስለዚህ ከ23ኛ ፐርሰንታይል ጀምሮ አልፏል ማለት ነው፣ የኔ ልጅ በ31 አልፎ ነበርኮ፣ እኔ ነኝ ማልቀሴ። ደግሞ ሌላው፣ እንዲህ ያለ ቴስት ሲሠራ ጀምሮ መሀሉ 50 ነው፣ ግማሹ ልጅ የግድ ከ50 በታች መሆን አለበት። ልጆች ሁሉ ጎበዝ ቢሆኑም ያው ነው፣ ሰልፍ ላይ ሁሌም ኋላ የሚቆም አለ።

ከ23 በታች ቢሆን ኖሮስ? ወዲያው ቤት ማስተማር አቁም አይባልም፣ የአንድ ዓመት ፕሮቤሽን የሚባል አለ፣ እንዴት እንደምታሻሽለው ዕቅድ ጽፈህ ታስገባለህ፣ ከተቀበሉህ ትቀጥላለህ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው ሌሊት ሌሊት ስቃዥ የነበረው።

በዛ ድንጋጤ ሌላ ስህተት ደገምኩ። የውጤቱን ወረቀት ሙሉውን፣ እያንዳንዱ ንዑስ ክፍል ያለበትን፣ ከረጅም የማብራሪያ ደብዳቤ ጋር ለዲስትሪክቱ ላክሁት። ስለ ውሻውና መስኮቱ ሳይቀር ጽፌያለሁ። ማን ጠየቀኝ? ሕጉ የሚለው አጠቃላይ ውጤቱ ከዚህ በላይ መሆኑን አሳይ ነው። የተጠየቅኩትን ሰጥቼ ዝም ማለት ነበረብኝ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ትንሽ ብልጥ ሆንኩ። የአንዳንዱ ቴስት አሳታሚ ፈታኙ ዲግሪ ይኑረው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወላጅ ራሱ ቤት እንዲሰጥ ይፈቅዳል፣ ሕጉ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘነ ይሁን እንጂ ይሄኛው ብሎ አልወሰነም። ሰዓት የማይያዝበት፣ ቤት የሚሰጥ መረጥኩ። ለልምምድ አንድ ሳምንት ብቻ፣ ያውም ገጹ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ነው። "ይሄ ጨዋታ ነው፣ ሕጉ ደግሞ ሞኝ ነው፣ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሱ የፈለገውን ገምትለት" አልኩት። በዕለቱ የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን አንዱን ጥያቄ አላውቀውም ሲል ዝም አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና "አንቺም እንደ ሴትየዋ ሆንሽ?" አለኝ። ልቤ ስንጥቅ ነው ያለው። ውጤቱ 58 ሆነ።

ከ31 ወደ 58። ልጄ በአንድ ዓመት ውስጥ ጎበዝ ሆነ? አዎ አድጓል፣ ግን እንደዛ አይደለም። ወረቀቱን ለመደው፣ ቤቱ ነው፣ ሽንት ቤት ሲመጣበት ተነስቶ ይሄዳል። ሒሳቡ ላይ ደግሞ ሰዓት ማንበብና ሳንቲም መቁጠር ይወጣል፣ መጀመሪያው ዓመት ላይ የኛ ካሪኩለም እዛ አልደረሰም ነበር፣ በቃሉ ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥር ይደምራል፣ እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም። ቴስቱ የለካው የኛንና የነሱን ቅደም ተከተል ልዩነት ነው። ግን እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር ጠቅሞኛል፣ ስፔሊንግ ላይ ከሌላው በጣም ዝቅ ብሎ መጣ፣ እኔ ብዙ ስለሚያነብ ይጽፋል ብዬ ችላ ብዬው ነበር። ልክ ነበር ወረቀቱ። ስለዚህ ቴስት ሁሉ ይቃጠል አልልም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው ሕጉን ራሱን ከፍቼ ያነበብኩት። የቨርጂኒያ ኮድ 22.1-254.1። ረጅም አይደለም፣ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታነቡታላችሁ። እስከዛ ድረስ የማውቀው ሰው የነገረኝን ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ! እና እዛ ላይ ከቴስቱ ቀጥሎ "ወይም" የሚል አለ። ወይም በየትኛውም ስቴት የማስተማር ላይሰንስ ያለው ሰው፣ ወይ በአካዳሚክ ትምህርት ማስተርስና ከዛ በላይ ያለው፣ የልጁን ትምህርት የሚያውቅ ሰው፣ ልጁ በበቂ ሁኔታ እያደገ ነው ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ። በቃ። አዳራሹም፣ ሴትየዋም፣ የልምምድ መጽሐፉም ግዴታ አልነበሩም።

ቤተሰባችንን የሚያውቁ፣ ማስተርስ ያላቸው አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ። "እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጽፉልኛል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እጽፋለሁ፣ ግን ያላየሁትን አልጽፍም" አሉኝ፣ ደስ ነው ያለኝ። ኦክቶበር ላይ ጀምረው በየሁለት ወሩ እየመጡ አብረውት ቁጭ ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ክላሰር ይዤ በየወሩ ሦስት አራት ሥራ ቀን እየጻፍኩ ማስቀመጥ ጀመርኩ፣ የተሳሳተበትንም ጨምሬ፣ ምክንያቱም እድገቱ የሚታየው እዛ ላይ ነው። አንድ ቀን ማካፈልን "ለታናሽ እህትህ እንዴት አድርገህ ታስረዳታለህ?" አሉት። እርሳሶቹን ሁሉ ሰብስቦ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ለእህቱ፣ ለእሳቸውና ለኔ እያካፈለ፣ ሁለት ሲተርፈው "እነዚህ ለአባዬ፣ ሲመጣ" አለ። ቀሪ ማለት ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ነው፣ ክብ አጥቁሮ ይሄን ማን ያያል?

ደብዳቤውም ቢሆን ችግር የለበትም አልልም። በቂ ነው ብሎ የሚወስነው የዲስትሪክቱ ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንቱ) ነው፣ ስለዚህ ሰውየው ይህን ይቀበል ይሆን የሚል ሐሳብ አይጠፋም። ደግሞ ጁላይ ላይ የማያውቅህን ሰው ጻፍልኝ ብትለው ሁለታችሁም ታፍራላችሁ፣ ገና በመኸር መጀመር አለበት። ቴስት የሚሻላቸው ልጆችም አሉ፣ እንደ ጨዋታ የሚወዱት፣ የነሱ ወላጅ ለምን ሰው ፍለጋ ይንከራተታል? ግን ቴስት ከሆነ ምርጫችሁ ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት፣ ማርች ኤፕሪል ላይ ካለቀ ውጤቱ ባያምር እንኳን እስከ ኦገስት 1 በሌላው መንገድ ለመሄድ ጊዜ አላችሁ።

የዘንድሮውን ጁን ላይ አስገባን፣ ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም፣ ከኔ በኩል ማብራሪያ የለም። ተቀብለናል የሚል መልስ መጣ።

ታናሿ ደግሞ ልደቷ ኦክቶበር ላይ ነው። ሴፕቴምበር 30 ላይ ገና 5 ናት፣ የኦገስት 15ቱን ወረቀት እጽፍላታለሁ እንጂ ለሚመጣው ዓመት ማስረጃ አምጪ የሚለኝ የለም። ባለፈው መደርደሪያ ሳጸዳ የወንድሟን የድሮ የልምምድ መጽሐፍ አግኝታ ወሰደችው። ክቦቹን በሙሉ፣ በየገጹ፣ አንድም ሳይቀራት ሐምራዊ ቀለም ቀብታቸዋለች።