ዘውድ ወይስ ጎፈር

መብራት ሄዷል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ደብሮኛል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሻማ ልግዛ ብዬ ዝርዝር ፍለጋ ያንን የቡና ቆርቆሮ ምንጣፉ ላይ ገለበጥኩት። በስልኬ መብራት የአንድ ብር ሳንቲሞቹን ስለቃቅም አንዲት ሃያ አምስት ሳንቲም እጄ ላይ ቀረች። (ሻማ በስሙኒ የሚገዛ ይመስል!)

አንበሳው ፊት የለውም። ጎፈሩ ልሙጥ ነው።

መጀመሪያ አልቃ ነው ብዬ ነበር። ግን በእጅ ብዛት ያለቀች ሳንቲም ዳሯም አብሮ ይሳሳል። የዚች ዳር ቁልጭ ያለ ነው፤ በጀርባዋ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱት ሰውዬና ሴትዮም ትናንት የተመቱ ይመስላሉ። አንዱ ሥራ ፈት አስፋልት ላይ ፈግፍጓት ቢሆን ደግሞ ጭረቱ ይታይ ነበር። ስትመታ ማኅተሙ ውስጥ ቅባት ሞልቶበት ይሆን? እንዲያ ሲሆን የተቀረጸው ነገር ሳይወጣ ይቀራል። ዓመተ ምሕረቷም በአንበሳው በኩል ስለሆነ አብሮ ጠፍቷል። ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቅዬ አስጠጋሁባት፤ ንቅንቅም አላለች። እንግዲያው እንደ ኋለኞቹ ውስጧ ብረት፣ ላይዋ ልባጥ አይደለም፤ የ1969ኙ ነች።

በዚህ ሁሉ መሀል ወንድሜ ትዝ አለኝ። ማታ ማታ ዳቦ ማን ይሂድ በሳንቲም ነበር የምንለየው። እሱ ቀድሞ “ጎፈር!” ይላል፤ ለእኔ የሚተርፈው ዘውድ ነው። ሁሌ እሱ ያሸንፋል። ሳንቲሙን የሚወረውረውም እሱ ነበር፣ አሁን ሳስበው።

ቆይ፣ ግን የቱ ዘውድ? በምኒልክ ብር ላይስ እሺ፤ በአንድ በኩል ንጉሡ ዘውድ ደፍተዋል፣ በሌላው በኩል አንበሳው አለ። ጃንሆይ እንኳ በ1936ቱ ሳንቲም ላይ ባዶ ራሳቸውን ናቸው። ደርግ ደግሞ ጭራሽ ንጉሡን አንስቶ ገበሬና በሬ፣ ወታደር፣ የደጋ አጋዘን አስገባበት። የተረፈው አንበሳው ነው። እኔ ታዲያ ዘውዱ ከወረደ ከስንት ዓመት በኋላ “ዘውድ” እያልኩ፣ በሌለ ነገር እየተወራረድኩ፣ ዳቦ ስሸከም አደግኩ።

ፎቶ አንስቼ ላኩለት። እሱ ጋ ገና ቀን ነው። “ይቺ ያንተዋ ሳንቲም አይደለችም?” አልኩት።

“የካሜራህን መስታወት ጥረገው” አለኝ።

ጠረግኩት። አንበሳው እንደዚያው ነው። ሱቁ ግን ተዘግቷል። ልተኛ ወይስ መብራቱን ልጠብቅ ብዬ ሳንቲሟን ወደ ላይ ወረወርኳት፤ አልጋው ሥር ገባች መሰለኝ።